የክት ቃልና የዘወትር ቃል

ማርሊና የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ግን ልጄ ናት ብል ማንም አይከራከረኝም። በመንደራችን ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ረዳት ሆና ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። የሕፃናቱን ጫማ የምታስረው እሷ፣ አፍንጫ የምትጠርገው እሷ፣ ፊደል ያልገባውን ጥግ ወስዳ የምታስቆጥረውም እሷ ናት፤ መምህር ተብላ የምትጠራው ግን ሌላ ሴትዮ ነበረች። ሴትዮዋ ጡረታ ልትወጣ ስትል ርእሰ መምህሩ ማርሊናን ጠርቶ፣ «ክፍሉን ላንቺ አቆየዋለሁ። ግን ትምህርት ሲዘጋ ዲግሪሽ እጅሽ ላይ ይሁን። ካልሆነ ማስታወቂያ ማውጣት ግዴታዬ ነው» አላት።

ዲግሪው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። እናቷ ስትታመም ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ስትለቅም ስትለቅም ቆይታ፣ በመጨረሻ የጎደላት የቋንቋ ክሬዲት ብቻ ሆነ። ዘጠኝ ክሬዲት። ክፍል ገብታ ልማረው ብትል ዓመት ይፈጅባታል። መላውን የነገራት የኮሌጁ አማካሪ ነው። ክፍል ሳይገቡ፣ ለአንድ የትምህርት ዓይነት ፈተና ተቀምጦ ክሬዲቱን መውሰድ ይቻላል አላት።

«ቤታችሁ ስፓኒሽ ትናገሩ የለም? እሱን ተፈተኚ» አላት። «ውጤትሽ ታችኛውን መስመር ካለፈ ስድስት፣ ላይኛውን ካለፈ ዘጠኙንም ይቆጥሩልሻል። ከወደቅሽ ግን ሦስት ወር ሳይሞላ ተመልሶ መቀመጥ የለም።»

ሦስት ወር ማለት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ማለት ነው። ክፍሉ ለሌላ ከተሰጠ ደግሞ አልበከርኪ ከተማ ወርዳ ሥራ መፈለጓ አይቀርም። ይህን ሁሉ ቀለል አድርጋ ነበር የነገረችኝ፤ ጫማዋን እያወለቀች። እኔ ግን ያን ቀን የጣድኩትን ባቄላ አሳረርኩት።

እኔ ራሞንሲታ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልዘለቅኩም። በኛ ጊዜ በትምህርት ቤት ግቢ እንግሊዝኛውን ትቶ ስፓኒሽ የተናገረ ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆም ነበር፤ የዚያን ግድግዳ ስንጥቅ እስከ ዛሬ አውቀዋለሁ። አሁን ደግሞ በዚያው ቋንቋ ተፈትኖ ዲግሪ ይሰጣል ሲሉኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እድሜው አጭር ነው። ደስ ሲለኝ ወዲያው ከበስተጀርባው ምን እንደሚመጣ ማየት እጀምራለሁ። ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው። በዚያው ሰሞን መደርደሪያዬ ላይ ያለውን የቅዱስ አንቶንዮስን የእንጨት ምስል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ልጅቷ ካላለፈች አትመለስም አልኩት። ግድግዳ ማየት ምን እንደሚመስል እሱም ይወቀው።

እንደፈራሁትም አልቀረ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የወንድሜ ልጅ ቤርኒስ ምሳ ልትበላ መጣች። ቤርኒስ በከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፓኒሽ ታስተምራለች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ማረም የለመደ ሰው ማዕድ ላይም ማረሙን አይተውም እንጂ።

«አክስቴ፣ ማርሊና ልትፈተን ነው የሚሉት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«በየትኛው ስፓኒሽ?»

«የትኛው ማለትሽ ምንድን ነው? በዚሁ በምናወራው።»

ቤርኒስ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እስቲ ማርሊና፣ ሲመሽ ከጣራ ሥር እየወጣ የሚበረው፣ ያ ጸጉራሙ፣ ምን ይባላል?»

ማርሊና ከእኔ እንደሰማችው መለሰች። እኛ «የሚበር አይጥ» ነው የምንለው።

«አየሽ? ስፓኒሽ የሚናገር ዓለም ሁሉ ሙርሲዬላጎ ይለዋል። ለበዓል የሚታረደው፣ ጉሮሮው የተንጠለጠለው ትልቁ ወፍስ?»

«የአገር ዶሮ» አለች ማርሊና።

«ፓቮ ነው። ማድሪድ ሄደሽ የአገር ዶሮ ስጡኝ ብትያቸው ስንት ዓይነት ዶሮ አለ ብለው ይስቁብሻል።»

ማርሊና ራሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

«አክስቴ ደግሞ አሲና ይላሉ። አሲ ነው። አሲና የሚል ሰው ከምድር ከጠፋ መቶ ዓመቱ ነው።»

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?» አልኳት።

«ላስቀይምዎ አይደለም፣ አክስቴ። ግን ይኼ የጓዳ ስፓኒሽ ነው። ልጅቷ ጆሮዋን በሱ ሞልታ ሄዳ ፈተና ላይ ቢያሳስታትስ? ሦስት ወር እኮ ነው የሚያስጠብቋት።» ብላ ተጨማሪ ቀይ በርበሬ ወጥ ጨለፈች። የጓዳዬን ቋንቋ እንጂ የጓዳዬን ወጥ አልናቀችም።

አሲና ማለት «እንዲህ» ማለት ነው። ያለ እጅ አይነገርም። በቆሎው የት ደረሰ ሲሉኝ መዳፌን ወገቤ ላይ ዘርግቼ «አሲና» እላለሁ። የመስኖው ውሃ ምን ያህል ነው ሲሉኝ ጉልበቴን አሳይቼ «አሲና» እላለሁ። ማርሊናን በየልደቷ በር መቃኑ ላይ እየለካሁ «አሲና ሆንሽ» ስላት ነው ያደገችው። ያን ቃል በስተርጅና መርዝ ነው አሉኝ። ያን ሌሊት ጣራ ጣራውን እያየሁ አሰብኩ አሰብኩና፣ መርዝ ከሆነ ማጠጣቱን ላቁም አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ማርሊና ከመኝታ ቤት ስትወጣ በእንግሊዝኛ «ደህና አደርሽ» አልኳት።

ቆማ አየችኝ። «ምነው እማማ? እንግሊዝኛ የሚያናግርዎ ዕቃ ሻጭ ደወለ እንዴ?»

«ዕቃ ሻጭ የለም። ቁርስሽን ብዪ» አልኩ፣ አሁንም በእንግሊዝኛ።

ምክንያቱን ብነግራት እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ፈተናው እስኪያልፍ ዝም ብዬ እችለዋለሁ ብዬ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለሐኪም ቤትና ለመብራት ሒሳብ ይበቃል፤ ለፍቅርና ለቁጣ ግን አይበቃም። መቆጣት ጀምሬ መሐል ላይ ቃል ያልቅብኛል። ያልተቆጣሁት ቁጣ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የባሰው አንድ ነገር ነበር። እንግሊዝኛ «አንቺ» እና «እርስዎ»ን አይለይም። ማርሊና አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ እኔን «እርስዎ» ብላ ነው የኖረችው። እኔ እንግሊዝኛ ስጀምር እሷም እየተከተለችኝ እንግሊዝኛ ሆነች። «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» «ብርድ ልብስሽን ላምጣልሽ?» ትለኛለች። ክፋት የለባትም፤ ቋንቋው ነው። ግን ድመቷንም በዚያው ቃል ነው የምትጠራት።

ቤቱ ጸጥ አለ። ማርሊና ከሥራ ተመልሳ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ታደርግና የመለማመጃውን ድምፅ ትሰማለች። ለመለማመድ የሚሆን ፈተና ኮምፒውተሯ ላይ አለ፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ትሠራዋለች። መጀመሪያ አካባቢ ላይኛውን መስመር በጥቂት አልፋ ነበር። ከዚያ ዝቅ አለች። በቀጣዩ ጊዜ ጭራሽ ወረደች። «ማዳመጡ ነው የጣለኝ» አለች ለራሷ፣ ዓይኗን እያሻሸች። «በፊት ሳላስብ ነበር የምሰማው።»

እኔም በልቤ፣ ይኸው የቤርኒስ ቃል ደረሰ፣ መርዙ ገና አልወጣላትም አልኩ። እንግሊዝኛዬንም ጨመርኩበት።

መጋቢት ላይ የመስኖ ቦይ ጠረጋው ደረሰ። የቦዩ አለቃ አበልጄ ቤላርሚኖ ነው፤ የልጄ፣ የማርሊና እናት፣ የክርስትና አባት። እኔ አካፋ መያዙ ስለማይሆንልኝ በድርሻዬ የሚቆፍርልኝን ሰው ምሳ ይዤ ወረድኩ። ማርሊናም ከኋላዬ ነበረች። እሷ እየሰማች ስለሆነ ቤላርሚኖን በእንግሊዝኛ ሰላም አልኩት።

አካፋውን ተደገፈ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ክቡር ዳኛ ሆይ፣ ጥፋተኛ አይደለሁም» አለ፣ እንግሊዝኛ ችሎት ብቻ የሚነገር ይመስል።

ቦዩ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ።

«አይሳቅም» አልኩ፤ እሱንም በእንግሊዝኛ።

«አበልጄ፣ እኛ ያስቀየምንዎት ነገር አለ? ውሻዎን ትናንት በዚያ ቋንቋ ሲጠሩት ሰማሁ። እሱ እንኳ ዞር ብሎ ሌላ ሴትዮ መጣች እንዴ ብሎ ያይ ነበር።» ከዚያ ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ ትናንት ቤቴ መጥታ ነበር። አያቴ ምን አድርጌያቸው ነው ያኮረፉኝ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?»

እኔ እሷን ላኩርፍ? በምን አፌ?

ወደ ቤት ስንመለስ ማርሊና ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ወጥ ቤት ገብተን ኮቷን ሳታወልቅ ዞረችብኝ። «ምን አጠፋሁ?» አለች። በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀችኝ፤ እኔ አስተምሬያት። «ፈተናውን መፈተኔን ጠላሽው? ዲግሪውን ይዤ ትቼሽ እንዳልሄድ ፈርተሽ ነው? ንገሪኝ።»

መልሱ በእንግሊዝኛ አልመጣልኝም። ተቀመጥኩና በራሴ አፍ ነገርኳት። የቤርኒስን ነገር፣ የሚበረውን አይጥ፣ የአገር ዶሮውን፣ መርዙን። «አፌ ሊጥልሽ ነው። እኔ ካላወራሁ ጆሮሽ ይጠራል ብዬ ነው። ካንቺ ጋር አለማውራት ለኔ ቀላል መስሎሻል?» አልኳት።

ማርሊና ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች። ትስቃለች ወይስ ታለቅሳለች እያልኩ ፊቷን አየሁ፤ ሁለቱንም ጀምራ ነበር።

«እማማ፣ ፈተናው እኮ አያናግረኝም» አለች። በስፓኒሽ። «ሰው ሲያወራ ያሰማኛል፣ ጽሑፍ ያስነብበኛል፣ ከመልሶቹ አንዱን እመርጣለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም የለም። አሲና ማለትዎን ማን ይሰማብኛል? በጥድፊያ የሚያወራን ሰው የምሰማው በእርስዎ ጆሮ ነው። እርስዎ ዝም ካሉ ጀምሮ ነው ውጤቴ የወረደው፤ ድካም መስሎኝ ነበር።»

«እርስዎ» አለችኝ። ከዚህ ሁሉ ንግግር መጀመሪያ የሰማሁት እሱን ነው።

«ታዲያ የሚበረው አይጥ ጽሑፉ ላይ ቢመጣስ? የቤርኒሱን ካላወቅሽ?»

«ሁለቱንም እናጠናለን። ልብስ የክትና የዘወትር የለውም እንዴ? ቃልም የክት ይኑረው። ቅዳሴ ሲሄዱ የዘወትሩን ቀደው አይጥሉትም።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ወጥ ቤቴ ገበያ ሆነ። ባቄላ እየለቀምን፣ ከጣራው ሥር የተንጠለጠለውን ቀይ ቃሪያ እያወረድን፣ እኔ የዘወትሩን እጠራለሁ፣ እሷ የክቱን ትመልሳለች። መኪና መንዳትን እኔ ከብት በሚነዳበት ቃል ነው የምለው፤ የክቱ ሌላ ነው። ኮቱም፣ ቀሚሱም፣ ካልሲውም የክት ስም አለው። የማታውቀው ሲሆን መጽሐፏን ታገላብጥና በእርሳስ ወረቀት ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ትጽፋቸዋለች። ቤላርሚኖም ሰምቶ እየመጣ ያላሰብነውን ቃል ይወረውራል፤ ግማሹ ሕፃን ፊት የማይባል ነው።

«ይኼ ፈተና ላይ አይመጣም፣ አባባ ቤላርሚኖ» ትለዋለች።

«አይታወቅም። ክፉ ፈታኝ ሊገጥምሽ ይችላል።»

እኔም ያጠራቀምኩትን የሳምንታት ቁጣ ሁሉ አወጣሁ። ስለ ኮቷ ቁልፍ፣ ስለ ቁርሷ፣ ስለ መኪናዋ ጎማ። እሷ እየሳቀች «አሁን ማዳመጥ እየተለማመድኩ ነው» ትላለች። የመለማመጃው ውጤት ወደ ላይ ተመለሰ። ከላይኛው መስመር አጠገብ ይደርስና ግን አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች ይውላል። ቁርጡ አልታወቀም።

የፈተናው ቀን ሚያዝያ ውስጥ ነበር፤ ያ ነፋስ የሚነሣበት፣ የአፕሪኮቱ አበባ ውርጭ ይመታው ይሆን እያልኩ የማልተኛበት ወቅት። ጎህ ሲቀድ ተነሣሁ። ባለፈው ዓመት ስቅለት ዕለት በእግሬ ቺማዮ መቅደስ ሄጄ ከውስጡ ጉድጓድ ያፈስኩት እምነት፣ ያ የተባረከ ቀይ አፈር፣ በቆርቆሮ አለኝ። ለሚታመም፣ ለሚወልድ፣ መንገድ ለሚወጣ ሰው ትንሽ ቆንጥሬ እሰጣለሁ። መነጽሬን አላደረግኩም። ከጠረጴዛው ላይ እጄ ያገኘውን ወረቀት ቀደድ አድርጌ፣ እምነቱን ጠቅልዬ፣ በር ላይ የተሰቀለው የማርሊና ኮት ኪስ ውስጥ ከተትኩት። አልነገርኳትም። ብነግራት «እማማ ደግሞ» ትለኛለች፤ እምነት ደግሞ «እማማ ደግሞ» ሲሉት ኃይሉ ይቀንሳል።

አብሬያት ሄድኩ። ቤት ሆኜ ብጠብቅ ኖሮ ቤቱን አቃጥለው ነበር።

ኮሌጁ ሸለቆው ታች ነው። የፈተናው ክፍል በሩ መስተዋት ነው፤ ከፊቱ ትንሽ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠችው ፈታኝ ሽበቷን የጎነጎነች፣ መነጽሯ በሰንሰለት አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናት። ፈገግታ የላትም። የማርሊናን መታወቂያ ከፊቷ ጋር አስተያየችና በእንግሊዝኛ፣ «ስልክ፣ ሰዓት፣ ጌጥ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ኪሶችሽን ገልብጪልኝ» አለች።

ማርሊና ስልኳን አስቀመጠች። ጉትቻዋን ፈታች። የኮቷን ኪስ ስትገለብጥ ጥቅልሏ ጠረጴዛው ላይ ጠብ አለች።

እኔ ያኔም አልደነገጥኩም። ቢበዛ ምን ይላሉ፣ አፈር ነው ብዬ ነበር። ፈታኟ በሁለት ጣቷ ጥቅልሉን ፈታችው። አፈሩ በመሐል ቁልል አለ። ዙሪያውን በማርሊና እርሳስ የተጻፈው ታየኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አለች ማርሊና። እውነቷን ነው፤ ግን ሌባም የሚለው ይህንኑ ነው።

ፈታኟ መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን አፈሩ ሳይደፋ ዘንበል አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች። «አሲና፣ አሲ። የሚበር አይጥ፣ ሙርሲዬላጎ።» ቀና አለች። «ዛሬ የምትፈተኚው ምንድን ነው?»

«ስፓኒሽ» አለች ማርሊና።

ሦስት ወሩ፣ ክፍሉ፣ አልበከርኪ፣ ሁሉም ባንዴ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ ይልቅ ደግሞ፣ ስሟ አጭበርባሪ ተብሎ ቢጻፍ ሦስት ወሩስ መቼ በቃ። እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ጠፋ። ወደ ጠረጴዛው ተጠግቼ በራሴ አፍ ተናገርኩ።

«የኔ ነው እመቤቴ። እሷ አታውቅም። ጎህ ሲቀድ ያለ መነጽር ጠቅልዬ ኪሷ የከተትኩት እኔ ነኝ። አፈሩን እንጂ ወረቀቱን አላየሁም። የሚቀጡ ከሆነ እኔን ያስወጡኝ።»

«እርስዎ አይፈተኑም እናቴ። ከምን ላስወጣዎት?» አለችኝ። በስፓኒሽ ነው የመለሰችልኝ። ፊቷ ግን እንደ ድንጋይ ነበር። ትንሿን ጣቷን አፈሩ ላይ ነካ አደረገች። «ከቺማዮ ነው?»

«አዎ።»

ፈታኟ መስተዋቱን በር በአገጯ አመለከተች። «ይህ ከዚያ በር ወዲያ ቢገኝ ፈተናዋን ሰርዤ ስሟን ማስተላለፍ ነበረብኝ። አያትም ቅዱስም አያስጥሏትም። ከበሩ ወዲህ ግን ኪስ የሚፈተሸው ለዚሁ ነው፤ ገልብጪ አልኳት፣ ገለበጠች። ወረቀቱ ይቀደዳል። ልጅቷ ትገባለች።»

«አፈሩስ?» አልኩ። አፌ እኮ አያርፍም።

«አፈሩን ቅርጫት ብጥለው እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ትመጣብኛለች። እጅዎን ይዘርጉ።» ቀኝ መዳፌን ዘረጋሁ። ወረቀቱን እንደ ማንቆርቆሪያ አጥፋ እምነቱን እስከ መጨረሻው ቅንጣት አፈሰሰችልኝ። «ይኸው እምነትዎ። አጥብቀው ይያዙት፤ ወለሉ ገና ዛሬ ነው የተጠረገው።»

ማርሊና ስታልፈኝ አላየችኝም። ወይ ተቆጥታለች፣ ወይ ብታየኝ እንደምትሰበር አውቃለች። የቱ እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም። በሩ ተዘጋ።

ከመስተዋቱ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እጄን ጨብጬ። መቁጠሪያዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳው በአንድ እጅ አይከፈትም። ስልኬ ውስጡ ይጮኻል፤ ቤላርሚኖ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይጩኽ። አንዲት ተማሪ ውሃ ልስጥሽ ብላ መጣች፤ በጭብጤ አይታኝ ልመታት መስሏት ነው መሰለኝ ራቅ ብላ ቆመች። ጸሎት ስጀምር ደግሞ ጸሎቱ መሐል «ፊቷ ገርጥቶ ነው የገባችው፣ ደንግጣ ከሆነ ማዳመጡ ሊያመልጣት ነው» የሚል ይገባብኛል። በሕፃንነቷ ስትደነግጥ ጆሮዋ ይዘጋ ነበር። ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ለፈታኟ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ስንቴ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

የሚታየኝ ጀርባዋ ብቻ ነው። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰቅሎ። እንዲህ ሆና እንዴት ትሰማለች እላለሁ። ቆይቶ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ፣ ማዳመጫውን አውልቃ ማንበቡን ከጀመረች በኋላ፣ ድንገት ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች። ተነሥቼ መስተዋቱ ጋ ደረስኩ። ፈታኟ ከጠረጴዛዋ በጣቷ ብቻ ወደ ወንበሬ መለሰችኝ።

እጄ ማላቡን ያወቅሁት ያኔ ነው። በጣቶቼ መሐል ቀይ ውሃ ይወጣል። ባሰብኩት ቁጥር የበለጠ ጨበጥኩት።

በሩ ተከፍቶ ማርሊና ወጣች። ውጤቱ ፈተናው እንዳለቀ እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ አውቃዋለች ማለት ነው። ፊቷ ላይ ግን ምንም አልተጻፈም። ሄዳ ሳጥኗን ከፈተች፤ ጉትቻዋን አደረገች፤ ኮቷን ለበሰች። እኔ ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

መጥታ ፊቴ ቆመች። «እማማ፣ እጅዎ ምን ሆነ?»

«እጄን ተዪው። አንቺ ንገሪኝ። ታችኛው ነው? ላይኛው ነው? ወደቅሽ?»

«አሲና» አለች፤ መዳፏንም ዘርግታ ወገቧ ላይ አደረገችው።

ወገብ። ታችኛው መስመር ይሆናል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስድስት ነው፤ ሦስት ይጎድላል፤ ለሦስቱ ምን እናደርጋለን...

«እማማ፣ ዓይንዎን ይግለጡ።» ስገልጥ እጇ እየወጣ ነበር። ደረቷን አለፈ። አገጯን አለፈ። ግንባሯን አለፈ። በር መቃኑ ላይ ስለካት እንደማደርገው መዳፏን አናቷ ላይ አሳረፈችና፣ ከዚያም ክንዷ እስከቻለ ድረስ ወደ ላይ ሰቀለችው። «አሲና።»

«ዘጠኙ?»

«ዘጠኙ ሁሉ።»

ፈታኟ ወረቀት የምታገላብጥ መሰለች። ማርሊና ጭብጤን በሁለት እጇ ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቻቸው። እምነቱ ጭቃ ሆኗል። የመዳፌ መስመር ሁሉ ታትሞበታል። ምንም ሳልላት ጎንበስ አለችልኝ፤ በአውራ ጣቴ ግንባሯን ቀባኋት። ከዚያ ቀና ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለተኛ ኪሴ ውስጥ ምንም እንዳይከቱ» አለችኝ። ተቆጥታ ነበር ለካ። ደስ አለኝ፤ በደንብ ነው የተቆጣችው፣ በ«እርስዎ»።

መኪናው ውስጥ እጄን በመሐረብ እየጠረግሁ፣ «ቆይ፣ መሐሉ ላይ ለምን አለቀስሽ?» አልኳት።

«አላለቀስኩም። ሳቅኩ።»

«ፈተና ላይ? በምኑ?»

«አንድ ጥያቄ መጣና። እርስዎ ሲሉት ሰማሁ፤ ከዚያ ራሴን የክቱን ስመልስ ሰማሁ። ሳልቸገር መለስኩት።»

«የቱ ነው?»

«መናገር አይቻልም። ከመጀመሬ በፊት ፈርሜያለሁ። ጥያቄውን ለማንም መንገር ክልክል ነው።»

«ለማንም ማለት ለባዕድ ነው እንጂ ለአያት ነው?»

«ለአያት ይፈቀዳል የሚል አልተጻፈም።»

«የሚበረው አይጥ ነው?»

ማርሊና መሪውን ይዛ ወደፊት አየች።

«ዶሮው ነው። በዶሮው ነው የምትስቂው ሁልጊዜ።»

«እማማ፣ መንገዱን ልይበት።»

ነፋሱ አቧራውን እያነሣ መኪናውን ይገፋው ነበር። የአፕሪኮቱ አበባ እስክንደርስ ይረግፋል ብዬ አሰብኩ። ቅዱስ አንቶንዮስም ገና ግድግዳውን እያየ ነው፤ ቤት እንደገባሁ ማዞር አለብኝ፤ ይቅርታም ሳልጠይቀው አልቀርም። አንድ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ። ቤላርሚኖ ካመጣቸው፣ ሕፃን ፊት ከማይባሉት ቃላት አንዱ ቢሆንስ?

«የቤላርሚኖው አይደለም ብቻ በይኝ» አልኳት።

ማርሊና መሪውን እንደያዘች ትከሻዋ በፈተናው ክፍል መስተዋት እንዳየሁት ተንቀጠቀጠ።